የጾም ክኒን

ደብረ ብርሃን ላይ «በረደኝ» የሚልን ሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ከተማዋ በብርዷ የታወቀች ናት፤ ክረምት ከበጋ ሰው ተኮራምቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ወይዘሮ ኖላዊት ፋሲካ ባለፈ በሦስተኛው ሳምንት ካፖርት ላይ ጋቢ ደርባ ጠዋት ሰልፍ ስትቆም፣ ከጎረቤቶቿ አንዳቸውም የታመመች አልመሰላቸውም። «ዘንድሮስ ብርዱ ጠናብን» አሉና ወደ ፊት ተጠጉ።

ሰልፉ የክኒን ሰልፍ ነው። ማለዳ ማለዳ ሰው ሁሉ በባዶ ሆዱ ከቤቱ ወጥቶ በሰፈሩ መግቢያ ካለው መስኮት ፊት ይቆማል፣ መስታወቱ ላይ እፍ ይላል፣ መስኮቱም ለዚያ ሰው ለዚያ ቀን የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንዲት ክኒን ጠቅልሎ ጣል ያደርግለታል። የስኳሩ፣ የደም ግፊቱ፣ የልቡ፣ የሐሳቡ ሳይቀር እዚያችው ውስጥ ነው። ምንም የሌለበት ሰው ቪታሚኑን ይወስዳል። ክኒኖቹ መልካቸውም መጠናቸውም አንድ ነው፦ ነጭ፣ ባቄላ የምታክል። ማን ምን እንደታመመ ጎረቤት አይቶ እንዳያውቅ ተብሎ በሕግ የተደነገገ ነው፤ ሐሳቡም ክፉ አልነበረም። «እንደምን አደርሽ» መባባል ከቀረ ቆይቷል። አሁን የሚባለው «ዋጥሽ?» ነው። «ዋጥኩ፣ ተመስገን። አንቺስ?»

ኖላዊት የሰፈሩ ሸምጋይ ናት። ስሟን የሰሙ ወጣቶች የአሮጊት ስም ነው ብለው ይስቃሉ፤ እውነትም ኖላዊት፣ ሶልያና፣ ማራናታ የሚባሉት ሁሉ ዛሬ ልጅ ድረው የጨረሱ እናቶች ናቸው። ፍርድ ቤቶች ሥራቸውን ለማሽን ካስረከቡ ወዲህ ለሰው የቀረው ሽምግልና ነበር። ሰው ማሽን ቢፈርድበት እየነደደውም ቢሆን ይቀበላል፤ ማሽን «ታረቅ» ቢለው ግን አይታረቅም። እናም ኖላዊት ደመወዝተኛ ሆና የተኳረፉ ባልና ሚስቶችን፣ ውርስ ያጣላቸውን ወንድማማቾች ታስታርቃለች። ጥበቧ አንድ ጥያቄ ነው። «ከዚያ በፊትስ?» ትላለች። ይነግሯታል። «እሺ፣ ከዚያ በፊትስ?» ትላለች ደግማ። እንዲህ እያለች ወደ ኋላ ወደ ኋላ ስትወስዳቸው የጠቡን ሥር ራሳቸው ያገኙታል።

ታዲያ በዚያ ሳምንት ባልና ሚስት ፊት ለፊቷ ተቀምጠው እየተወቃቀሱ ሳለ እንቅልፍ ወሰዳት። ሰዎቹ ደጎች ነበሩ፤ እንዳትነቃ በሹክሹክታ ተጨቃጨቁ፣ በሹክሹክታ መጨቃጨቅ ደግሞ ስለማይመች ታርቀው ሄዱ። ነገሩ በቢሮው እንደ ቀልድ ተወራ። አለቃዋ ግን አልሳቀም። ወደ ጠረጴዛዋ ጠጋ ብሎ «ኖልዬ፣ ካሁን ወዲያ ብታርፊ አይሻልም? ማንም አይወቅስሽም» አላት።

ኖላዊትን ያስፈራት ማረፉ አልነበረም። ያስፈራት ጭንቅላቷ ነው። የሰው ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ይጠፋባታል፤ ሰው ቀልዶ ሰው ስቆ ካለቀ በኋላ ነው ቀልዱ የሚገባት። ድምጿ ሻክሯል፣ ፊቷ ጠዋት ጠዋት ያባብጣል፣ ፀጉሯ በማበጠሪያው ይቀራል። አንገቷ ሥር ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ያቆመችው ልጇን በወለደች ጊዜ ነው፤ መድኃኒቱንም ከዚያ ወዲህ አቋርጣው አታውቅም። ሁሉ ሰው «ዕድሜ ነው» ሊላት ተዘጋጅቶ የቆመ መሰላት። ዕድሜ ከሆነ መቼም ምንም አይደረግም። ካልሆነስ?

ልቧ አልተቀበለውም፤ ምክንያቱም ዕድሜ የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፣ የእሷ ሕመም ግን ይመላለሳል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ቀስ በቀስ ትነቃለች፤ ሰሙነ ሕማማት ላይ ስግደቱን ያለ እርዳታ ትጨርሳለች። ፋሲካ አልፎ ብዙም ሳይቆይ ሆዷ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ያስቀምጣታል፣ ከዚያ ብርዱና እንቅልፉ ይመጣል። በፍልሰታ ትድናለች፣ በመስከረም ትታመማለች። በገና ጾም ትድናለች፣ ገና አልፎ ትወድቃለች። ይህን ያላየ ዘመድ የለም፤ ሁሉም ደግሞ መልሱን ያውቀዋል።

«ዶሮ ወጡ ነው» ይላሉ። «ያን ሁሉ ቀን የጾመ አንጀት ላይ ቅቤ ሲወርድበት ምን ይሁን?»

ባሏ ያፌትም እንደዚያው ያምን ነበር። ያፌት ሥጋ ወዳድ ነው። ሥጋው ከበሬ መምጣቱ ቀርቶ በጋን ውስጥ የሚበቅል ከሆነ ወዲህ እንኳ ፍቅሩ አልቀነሰም። ሲኖዶሱ የበቀለውም ሥጋ ፍስክ ነው ብሎ የወሰነ ቀን ደግሞ ከማንም በላይ ያዘነው እሱ ነበር። «አንቺ ቀስ ብለሽ አትጀምሪም፤ መጀመሪያ እንቁላል፣ ከዚያ ወተት፣ ከዚያ ሥጋ» ይላታል በየዓመቱ።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ኖላዊት፣ ገና ሕመሙ ሳይጀምራት፣ ሰው ያላደረገውን አድርጋ ነበር። ፋሲካን በሽሮ ፈሰከች።

ጉድ ፈላ። እህቷ ከአንኮበር ድረስ መጥታ ኖሮ፣ ዶሮ ወጡ ሞልቶ በተቀመጠበት ገበታ ላይ ያንን ሽሮ ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። «ክርስቶስ በተነሣበት ቀን? ምን ሆንኩ ብለሽ ነው?»

«ምንም አልሆንኩም። ለማወቅ ነው።»

«ምኑን ለማወቅ?»

«ዶሮው መሆን አለመሆኑን።»

እህቷ ከዚያ በኋላ ለያፌት ብቻ ነው ያወራችው። ኖላዊት ግን ሽሮዋን፣ ምስሯን፣ ጎመኗን እየበላች ጠበቀች። እንደ ድሮው ጊዜውን ጠብቆ ሆዷ ተነፋ። የሚገርመው ነገር ደስ አላት። መታጠቢያ ቤት ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ እየተቃሰተች «ዶሮው አይደለም፣ ዶሮው አይደለም» ስትል ያፌት በር ላይ ቆሞ ሰማት፤ ለሐኪም ይደውል ወይስ አይደውል ግራ ገባው።

ብርዱና እንቅልፉ ተከትለው ሲመጡ ራሷን እንደ ባለጉዳይ አስቀምጣ ጠየቀች። ከምሳው በፊትስ? ቁርስ። ከቁርሱ በፊትስ? ከቁርሱ በፊት ሰልፍ ነው።

በማግስቱ ተራዋ ሲደርስ መስታወቱ ላይ እፍ አለች፤ ክኒኗ ጠብ አለች። አላነሳቻትም።

«መድኃኒቴ ተለውጧል እንዴ?» አለችው መስኮቱን።

«መድኃኒትዎ አልተለወጠም። መጠኑም አልተለወጠም።» ድምፁ ሁልጊዜ እንደሚሆነው ትሑት ነው።

«ከፋሲካ በፊት የሰጠኸኝና አሁን የሰጠኸኝ አንድ ነው?»

«መድኃኒቱ አንድ ነው።»

«ክኒኑስ?»

ከኋላዋ የቆሙት ማጉረምረም ጀመሩ። «ኖላዊት፣ ሰው ቆሟል እኮ፤ ሥራ አለብን» አለች አንዷ። ኖላዊት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

«ክኒኑ አንድ አይደለም» አለ መስኮቱ። «ያኛው የጾም ነው። ይኸኛው የፍስክ ነው።»

ማጉረምረሙ ቆመ። «ክኒን ደግሞ ምን ጾም አለው?» አለ ከሰልፉ አንድ ሰው፣ ራሱም ከአርባ ቀን ክርስትናው ጀምሮ የዋጠውን እያሰበ።

«በመሙያቸው ይለያያሉ። የፍስኩ መሙያ የወተት ስኳር ነው። የጾሙ መሙያ የበቆሎ ዱቄት ነው።»

«ይህን ለምን አልነገርከኝም?»

«መሙያ መድኃኒት አይደለም። ጠይቆኝም የሚያውቅ የለም።»

«እንግዲያው የጾሙን ስጠኝ።»

«አሁን በዓለ ሃምሳ ነው። ጾም የለም።»

እውነቱን ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ኖላዊት እንደ ልማዷ ያልተጠየቀውን ፈለገች። «በሃምሳው የጾም ክኒን የምትሰጠው አንድም ሰው የለም?»

«አለ።»

«ለማን?»

«ለመነኮሳት።»

ክኒኗን በመሐረብ ቋጥራ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች። ጤና መኮንኗ ትርንጎ ትባላለች፤ የድሮ ስም ተመልሶ ፋሽን በሆነ ጊዜ የተወለደች ልጅ ናት። ክኒኗን መዳፏ ላይ አድርጋ አገላብጣ አየቻት።

«የእርስዎ መድኃኒት በዓይን አይታይም» አለች። «ከጨው ብናኝ ያንሳል። ይኼ ሁሉ መሙያ ነው። ክኒኑ ለሁሉም ሰው እኩል መሆን አለበት ስለተባለ፣ መድኃኒቱ ያነሰበት ሰው መሙያው ይበዛበታል። አንጀትዎ የወተት ስኳሩን አይችለውም፤ ያስቀምጥዎታል። መድኃኒቱ ሳይሠራ አብሮት ይወጣል። ብርዱም እንቅልፉም ከዚያ ነው የሚመጣው።»

«ዕድሜ አይደለም?»

«ዕድሜ አይደለም።»

ኖላዊት እንባዋ መጣ፤ አላፈረችም። «የጾሙን ክኒን ማን አመጣው?» አለች ዓይኗን እየጠረገች። ይህን ሳታውቅ መሄድ አልፈለገችም።

«ምእመናን ናቸው። መስኮቶቹ የተተከሉ ጊዜ የወተት ፋብሪካዎች የሚተርፋቸውን ስኳር ለመሙያ ሰጡ። ክኒኑ ትልቅ ነው፣ ወተት አለበት፤ በጾም አንውጥም ብለው ሰዎች ብዙ ተሟገቱ፣ ተፈቀደላቸው። ከዚያ ተረሳ። መልኩ አንድ ነው፤ ማን ያስታውሰዋል?»

«በይ አንቺ ቀይሪልኝ።»

ትርንጎ እጇን ጭኗ ላይ አኖረች። «እኔ የማዝዘው መድኃኒቱን ነው። መሙያ የሚታዘዝበት መንገድ የለም። ከእርስዎ በፊት ለአንድ ሰው ሞክሬ ነበር። የምግብ መሥሪያ ቤቱ ‹ክኒን ነው፣ አይመለከተንም› አለኝ። የመድኃኒት መሥሪያ ቤቱ ‹መሙያ ነው፣ አይመለከተንም› አለኝ። ድሮ ፋርማሲስት የሚባል ሰው ነበር አሉ፤ ዱቄቱን በእጁ ለክቶ የሚቀምም።» የሌላ አገር ወግ የምታወራ ይመስል ነበር።

«ሰውዬው ምን ሆነ?»

«ዕድሜ ነው ተባለ።»

የንስሐ አባቷን መምሬ ናትናኤልን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ጥድ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳቻቸው። በመሐል ሁለቴ ቃል ጠፍቶባት ጠበቋት። መጀመሪያ ሳቁ፤ ሽሮው ላይ ሲደርሱ ሳቃቸውን አቆሙ።

«በሃምሳው ጾም ልስጥሽ ብል አልችልም፤ ቀኖናው ይከለክላል» አሉ። «ላመንኩስሽ ብል ደግሞ ባልሽ በሕይወት አለ፣ አንቺም ልብሽ እዚያ የለም። ምንኩስና እኮ ሰው ለዓለም ሞቷል ተብሎ ፍትሐት የሚደረስበት ነው ልጄ። ለክኒን አይደለም።»

«መስኮቱስ? ለመስኮቱ ‹መንኩሻለሁ› ብለውስ?»

ሁለቱም ሕጉን ያውቁታል። ስለ ሃይማኖት ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ መንግሥት የማንንም ሰው እምነት ማስረጃ እንዳይጠይቅ ተደንግጓል። ሰው ስለ እምነቱ የተናገረው ሁሉ ይመዘገባል፤ ማንም አያጣራም። ጥሩ ሕግ ነው።

«ውሸት ነው» አሉ መምሬ። «አልባርከውም። ሄጄም አላሳብቅብሽም። ካልሽ ግን የምትችይውን ያህል እውነት አድርጊው። ሥጋም ወተትም እስከ ዕለተ ሞትሽ እንዳይነካሽ። የቀረውን ለፈጣሪ ንገሪው።»

ማምሻውን ለያፌት ነገረችው። ያፌት ጥሬ ሥጋውን እየቆረጠ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠ።

«መነኩሴ ከተባልሽ ጋብቻው ይፈርሳል» አለ።

«በመዝገብ ይፈርሳል።»

«አንቺ ራስሽ ስንቱን አስታርቀሽ!» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እና እኔ ምንሽ ልሆን ነው?»

«ያው ያፌት ነሃ።»

«ማታ ማታ ግን እዚሁ ትመጫለሽ አይደል?» አላት። ቀልዱ ነበር። ቀልድ መሆኑ የገባት ሳህኑን አንስቶ ወደ ጓዳ ከገባ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ቁርጥ አድርጋ ወሰነች። የባሏን ቀልድ ዘግይታ እየሰማች መኖር አትችልም።

በማግስቱ ዓይኗን በጨው አጥባ መስኮቱ ፊት ቆመች። «መንኩሻለሁ» አለች። ከኋላዋ የቆሙት ተያዩ። መስኮቱ አልተገረመም።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ እማሆይ። ባል አለዎት?»

«የለኝም።»

ክኒኗ ጠብ አለች። ነጭ፣ ባቄላ የምታክል፤ ከትናንትናዋ በምንም አትለይም።

ያልጠበቀችው ነገር መስኮቱ በሚቀጥለውም ቀን መጠየቁ ነው። በሦስተኛውም። ምክንያት አለው። የመነኮሰ ሰው ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል፤ ሲቀይርም ማንም ሊያስገድደው አይገባም። ስለዚህ መነኮሳት ሁሉ በየማለዳው ይጠየቃሉ፣ በየማለዳውም ነፃ ናቸው። ይህም ጥሩ ሕግ ነው።

ያፌት እንደ ወትሮው ከኋላዋ ይቆማል። በመዝገቡ ብቻውን የሚኖር ወንድ ስለሆነ መስኮቱ አንዳንዴ «ብቸኝነት ይሰማዎታል?» እያለ ክኒኑ ላይ የሆነ ነገር ሊጨምርለት ይጠይቀዋል። እሱም «አይ፣ ደህና ነኝ» ይላል። ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ሁለቱ ወደ አንድ ቤት ሲገቡ ብቻ ሰው ፊቱን ያዞራል፣ አዲስ የተዋደዱ ልጆች እንዳየ ሁሉ።

ክኒኑ ሥራውን ሠራ። መጀመሪያ ሆዷ ረጋ፤ ቀጥሎ እጆቿ ሞቁ። ጋቢውን አወለቀች፣ ቆይታም ካፖርቱን። ስሞች ከነአባታቸው ተመለሱላት። ቢሮ ውስጥ ውርስ ያጣላቸው ሁለት ወንድማማቾች መጥተው ገና ሦስት ጊዜ «ከዚያ በፊትስ?» ሳትል ነገሩን ደረሰችበት፤ አለቃዋ በር ላይ ቆሞ ሲሰማ ቆይቶ የእረፍቱን ወሬ ሳያነሳ ሄደ። አንድ ቀን ያፌት ሊቀልድ አፉን ሲከፍት፣ ቀልዱ ሳይወጣ መልሱን ሰጠችው። ደንግጦ ሳቀ። «መጣሽ» አላት። «መጣሁ» አለችው።

የመጣችው ግን ሙሉ በሙሉ ነው፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ያኔ ጭንቅላቷ ጉም ውስጥ ሳለ «የለኝም» ማለት ቀላል ነበር፤ አፍ ይለዋል፣ ያልፋል። አሁን ቃሉን ትሰማዋለች። ጠዋት ስትነሣ ያፌት ካልሲውን ሲፈልግ ታየዋለች፣ አብረው በሩን ዘግተው ይወጣሉ፣ ጥቂት ቆይታ እሱው እየሰማ እንደሌለ ትናገራለች። እስከ ዛሬ ፊቱን ዞራ አይታ አታውቅም። ዛሬ ሰልፍ ላይ ሳሉ ሳታስበው ዞር ብላ አየችው። ጫማውን እያየ ነበር።

ተራዋ ደረሰ። እፍ አለች።

«እንደምን አደሩ፣ እማሆይ። ባል አለዎት?»

አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣም። ጠፍቷት አይደለም፤ እንዲህ ጥርት ብሎ የታወቃት ቃል አልነበረም። ብትለው ክኒኗ ትወርዳለች። ባትለው የፍስኩ ይወርዳል፣ ሆዷ ይነፋል፣ ብርዱ ይመለሳል፣ ስሞቹ አንድ በአንድ ይሄዳሉ፣ መጨረሻ ላይ የእሱም ስም ይሄዳል። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሰበችው፤ ማሰብ እንዲህ ፈጣን ነገር መሆኑን ረስታው ነበር።

«ባል አለዎት?» አለ መስኮቱ ደግሞ፣ በዚያው ትሕትናው። ዝም አለች። እንዲህ ሲሆን የሚያደርገው አለው፤ ሰው መልስ ሲዘገይበት ታሞ ሊሆን ይችላል በሚል ከሰልፉ ምስክር ይጠይቃል። «እማሆይን የሚያውቅ ሰው አለ?»

ሰልፉ ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ መሬት መሬት ያያል።

«እኔ አውቃታለሁ» አለ ያፌት። «ባል የላትም።»

ክኒኗ ጠብ አለች። ኖላዊት አነሣችና ዋጠች፣ ወደ ጎንም ወጣችለት። ዞራ ልታየው ፈልጋ ነበር፤ ግን ብታየው ፊቷን መስኮቱም ያየዋል፣ ባል እንዳላትም ያነብበታል።